እስከ ዙህር

ልጃችሁን ከማጉረሳችሁ በፊት ሞት እንዳለበትና እንደሌለበት በራሳችሁ ሆድ የሞከራችሁት ምግብ አለ? ኑርሀያት ከአምባሰል ጫካ የለቀመችውን እንጉዳይ ቀቅላ ጠዋት ብቻዋን በላች። እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ሶላት ካላመማት ልጇ ሀኒያ ትበላለች፤ የኑርሀያት እናትም በክፉ ቀን እንዲሁ ታደርግ ነበር። እየጠበቀች የድስቱን ክዳን በሁለት እጇ ተጫነችው።

«እማ፣ አመመሽ?» አለች ሀኒያ።

«ወላሂ ደህና ነኝ። እጅሽን ሰብስቢ!»

አዛኑ ተሰማ። ክዳኑን አነሳችላት። ሀኒያ ዘግና ወደ አፏ ስታስጠጋ የእናቷን አንጀት አንዳች ነገር ጠመዘዘው። ኑርሀያት የልጅቷን እጅ መትታ አስጣለቻትና ድስቱን ወደ ደጅ ወረወረችው።

«ደህና ነኝ ብለሽ!» ብላ ጮኸች ሀኒያ።

ትናንት በሬዲዮ «በዚህ አገር የተራበ የለም» ያልከው ሹም፣ ዛሬም በዚያው ሬዲዮ ቀርበህ ለዚች ልጅ መልስ ስጣት!