የግድግዳው እርጥበት

አያቷ መዳፋቸውን በባዶው ቢሮ ግድግዳ ላይ አሳረፉ። የልጅ ልጃቸው ከአከራዩ ጎን ቆማ ትጠብቅ ነበር። ቢሮው ቀን ሙሉ ፀሐይ ስለሚያገኝ መብራትም ማሞቂያም ብዙ አይፈጅም፤ ግማሹን ሳምንት ከቤት ለሚሠሩት ባልደረቦቿም ስፋቱ ይበቃል። የቀራት እርጥበቱን ማረጋገጥ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ከአያቷ እጅ በላይ የምታምነው አልነበራትም።

“እህስ፣ እማማ?”

ግድግዳው ደረቅ ነበር፤ ፀሐይ ጠጥቶ ሞቋል። እሳቸው ግን ያሰቡት የቤታቸውን የምግብ ጠረጴዛ ነበር። ልጅቷ እስከ ዛሬ ኮምፒውተሯን እዚያ ላይ ዘርግታ ነበር የምትሠራው፤ ከባልደረቦቿ ጋር ስትሳሳቅ እሳቸውም ነገሩ ሳይገባቸው ከጓዳ ሆነው አብረው ይስቁ ነበር።

“እርጥብ ነው” አሉ። “ብርድ ይመታሻል፣ ልጄ። ይቅርብሽ።”

“ባለፈው ያየነውን ቢሮ በንፋስ አስወሰድሽው፤ ይሄን ደግሞ በውሃ ልታሰምጪው ነው?” ልጅቷ እየሳቀች መዳፏን ከመዳፋቸው አጠገብ አሳረፈች። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። አያቷ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አሸሹ።

“እንወስደዋለን” አለችው አከራዩን፣ ዞር ሳትል። ከዚያም የአያቷን እጅ ከግድግዳው ላይ አንሥታ በሁለት እጆቿ መሐል ያዘችው። በዚያ ሙቅ ግድግዳ ላይ ያን ያህል ቆይቶ እንኳ ቀዝቃዛ ነበር።