ድምፁን ጨምሪው

«ማስታወቂያ! ማስታወቂያ! ሰፊው የቀበሌያችን ሕዝብ ሆይ! የዛሬው የሦስተኛ ክፍል ሂሳብ የሰባት ብዜት መሆኑን አብዮታዊው ጽሕፈት ቤታችን በታላቅ ኩራት ያበስራል!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልዴ ማይኩን ለመምህርት በለጠች ያቀብላል። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳምቡሳው ሰሃን አጠገብ ያሳርፋል።

ጦሩ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሰፈረ ወዲህ በለጠች የምታስተምረው ከዚህ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ልጆቹ ቤታቸው ሆነው ምሰሶው አናት ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይሰሟታል። ሰሌዳ ስለሌለ የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ሸንተረር ይቆጥራሉ፤ ማካፈል ሲሆን በሐሳባቸው ሀብሀብ ይቆርጣሉ። ዘዴው የእሷ ነው። ጓድ ወልዴ የፈቀደው ግን ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ላለው ሥራ መሸፈኛ ብሎ ነው።

«ሰባት ጊዜ ሁለት?»

«አሥራ አራት!» ይላል ሰፈሩ፣ ከየግቢው።

ከጣውላው ወዲያ የጎማ ዱላ ሥጋ ላይ ያርፋል። የሚጮኸው ዒልሚ ነው፤ ልጅ ሳለ የበለጠች ተማሪ ነበር። ሁሉም በአንድ ላይ ሲመልሱ እሱ አንድ ትንፋሽ ዘግይቶ ለብቻው ይመልስ ነበር። ስንቴ ተቆጥታዋለች።

ለሰፈሩ ዒልሚ ሁርሶ፣ የወታደር ሥልጠና ላይ ነው። ጓድ ወልዴ ራሱ ለእናቱ ለቱሪያ ነግሯታል። ጎረቤቱም እንኳን ደስ ያለሽ ብሏታል። ሆዮ እያለ ለሚጠራት ልጇ በየማለዳው ሳምቡሳ ትልካለች፤ ሳምቡሳውም እስከ ጠረጴዛው ይደርሳል። አሁንም ውጭ፣ የግቢው በር ላይ ከማጉያው ሥር ቆማ ሰሃኗን እየጠበቀች ነው።

ሲመሽ መኪና መጥቶ ዒልሚን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እዚህ ነበር የሚል አይኖርም።

እንደገና ይጮኻል።

«አቦ ቲቸር፣ ድምፁን ጨምሪው!» ይላል ጓድ ወልዴ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ። «ይሄ ልጅ ይረብሻል።»

«የትኛው ልጅ?»

«ሁርሶ ያለው ነዋ።» አይስቅም።

በለጠች ወደ እግሯ ታያለች። ከጣውላው ሥር የመጣው ደም ጫማዋ ጫፍ ደርሷል።

«ከዚህ በላይ ከተጨመረ ማይኩ ሁሉንም ነው የሚሰማው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሂሳቡን አንቺ እወቂ፤ ማይኩን ለኔ ተይው! ጨምሪ ብያለሁ!»

የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ታዞረዋለች። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል። ወንበሯን ስባ ማይኩን ከጣውላው ታስጠጋለች።

«ሰባት ጊዜ ስምንት?»

«ሃምሳ ስድስት!»

አንድ ትንፋሽ ያልፋል።

«ሃምሳ... ስድስት» ይላል የዒልሚ ድምፅ፣ ከምሰሶው አናት፣ ለብቻው።

ጎማው ይቆማል። ጓድ ወልዴም ማኘኩን ያቆማል። የትኛውም ግቢ ውስጥ ሕፃን እንኳ አይስልም።

ከግቢው በር የሴት ድምፅ ይመጣል። አይጮኽም፤ ሰሃኗን የምትጠይቅ ይመስላል።

«ዒልሚ?»

«አቤት፣ ሆዮ» ይላል ድምፅ ማጉያው፣ ለመላው ሰፈር።