የጀልባዋ ብሎን

ብሎኑ አልፈታ አለኝ። መፍቻው ሁለቴ አዳለጠኝ፤ በሦስተኛው የጣቴን ቆዳ ላጠው። ደሙን አየሁት እንጂ አላመመኝም። ይኸው ሦስት ሳምንቴ፣ የሚያመኝ ነገር የለም።

ጀልባዋ ላንጋኖ ዳር ሁለት ግንድ ላይ ተጋድማለች። የአንድ ፈረንጅ ነበረች፤ አሁን የሰፊው ሕዝብ ናት። ሰፊው ሕዝብ ግን በሸራ መንዳት ስለማያውቅበት ንፋስ ከድንጋይ ጋር አላትሟት፣ የገመድ ማሰሪያ ብረቶቿንና የዳር መደገፊያዋን አጣሟቸዋል። ለአብዮት በዓል እንግዶች ይመጣሉ ተባለና እኔን በያጁን ከናዝሬት አስመጡኝ።

ሂድ ያለችኝ ሚስቴ ዘርፉ ናት። ልጃችን የሺዓለም ከተገደለች ወዲህ ቤታችን ውስጥ አልተለቀሰም። ቀበሌ ከልክሏል፤ ለጸረ አብዮተኛ ያለቀሰ እሱም ያው ነው ብለውናል። ጎረቤትም ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። ዘርፉ፣ የሺዓለም ተማሪ ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የጠለፈችውን መሀረብ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

«እዚያ ማንም አያውቅህም» አለችኝ። «ለሁለታችንም አልቅስላት። ደረቁን ይዘኸው እንዳትመጣ።»

ዛሬ ጠዋት እንደደረስኩ ብቻዬን ውሃው ዳር ሄድኩ። መሀረቡን አወጣሁ፣ ስሟን ጠራሁ፣ ጠበቅሁ። ምንም። ቡናማውን ውሃ እያየሁ የማስበው የመፍቻ ቁጥር ነበር፤ አሥራ ሦስት ይሆን አሥራ አራት? በራሴ አፈርኩ። መሀረቡን አጥፌ መለስኩት።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ቀስ በል እንጂ» አለኝ ጥበቃው አብዱልመናን ጣቴን አይቶ። «እጅ እኮ መለዋወጫ የለውም።»

በዚህ መሃል ጓድ ገሠሠ መጣ። በዓሉን የሚያዘጋጀው ካድሬ ነው። ከልጄ ቢበልጥ በአምስት ዓመት ነው፣ አንተ ይለኛል።

«ዛሬ ያልቃል?»

«ያልቃል፣ ጓድ።»

«ፊትህ ምን ሆኗል? ሐዘን ላይ ነህ እንዴ?»

«ኧረ የለሁም፣ ጓድ።»

«ልጆች አሉህ?»

«የለኝም።»

የመፍቻ ቁጥር እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለስኩለት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ እንዲንቀጠቀጥ ፈልጌ ነበር።

ኤንትሬ መኪና ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። የጭነት መኪና ብሎን እምቢ ካለ መድኃኒቱ እሳት ነው፤ ሲግል ይለቃል። እጄም እንደለመደው የጋዙን እሳት ለኮሰና ወደ ብሎኑ አስጠጋ። ከብረቱ ሥር ያለው ገላ ፋይበርግላስ መሆኑን፣ ፋይበርግላስ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ የሚነድ መሆኑን አላሰብኩም። ጥቁር ጢስ ቡልቅ አለ። ንፋሱ አዙሮ እኛው ላይ መለሰው፤ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባል።

«ያ ረቢ!» አብዱልመናን በትከሻ ፎጣው ፊቱን ሸፈነ። ጓድ ገሠሠ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። እንባው በጣቶቹ መሃል ይወርዳል።

ባልዲ ውሃ ደፍቼ እሳቱን አጠፋሁ። ከዚያ የብየዳ መነጽሬን አወለቅሁና የቀረው ጢስ ውስጥ ዓይኔን አፍጥጬ ቆምኩ። እስቲ አንዲት ጠብታ እንኳ። ለዘርፉ። ሃያ ዓመት ጢስ የለመደ ዓይን ነው፣ ደረቅ።

«መሀረብ! መሀረብ የለህም?» ጓድ ገሠሠ እያነባ እጁን ዘረጋ።

እጄ ኪሴ ገባና ሰጠው። ዓይኑን ጠረገ፣ ጉንጩን፣ እንደገና ዓይኑን። እንባው አልቆም ስላለው መሀረቡን ፊቱ ላይ ይዞ ቆየ። የሺዓለም የጠለፈችው ቀይ አበባ ራሰ።

«ልታሳውረን ነበር እኮ!» ብሎ መሀረቡን መለሰልኝ።

ብሎኑ አንዴ ሳዞረው ተፈታ። ናዝሬት እስክደርስ ሦስት ሰዓት ነው። መሀረቡን ፀሐይ እንዳያደርቀው አራት አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።