ከፑሳን እስከ ቶኪዮ

«ከዚያች ከፑሳን እስከ ቶኪዮ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ ትርንጎ፣ እጇን ከብቅሉ ሳታነሣ።

እህቴ ናት። ልጇ ማሩ ኮሪያ ከዘመተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጦሩ ሊመለስ ነው ሲባል ሰምታ ለጠላው ብቅል አብቅላለች። እኔና መሪጌታ ሐብተ ማርያም ግን ከጎንደር እስከ ኮሶዬ ዳገቱን የወጣነው ውሸታችንን እያጠናን ነው። ማሩ ሞቷል። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ዛሬ ልቧ እንዲለምድ «ቆስሏል፤ ዛሬ ጧት ከፑሳን በአውሮፕላን ተሳፍሮ ቶኪዮ ሐኪም ቤት እየሄደ ነው» እንላለን። ይህን ተስማምተን ነበር፤ እኔም እንደገባሁ ነገርኳት። ሰዓቱን ግን ማን አስቦት?

«ሩቅ ነው፣ እታለም» አልኳት። «ባሕር አለው። ጧት የተነሣ ለማታ ነው የሚደርስ።»

አውሮፕላን ያየሁት አዘዞ ላይ ሲያርፍ ነው፤ እኔ የማውቀው የበቅሎ መንገድ ነው።

«ታዲያ አሁንም አየር ላይ ነው?»

«አየር ላይ ነው።»

«ውኃ ይሰጡታል?»

«ምነው አይሰጡት? ሐኪምም አብሮት አለ።» ውሸት አንዴ ከጀመሩት ምላስ ላይ ይጣፍጣል።

መሪጌታ በቅሎዎቹን አስረው ገቡ። ገና ሳይቀመጡ ያንኑ ጠየቀቻቸው።

«ምን አላት! ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው» አሉ ደስ ሊያሰኟት። «ይኸኔ ደርሶ፣ ሾርባውን ጠጥቶ ተኝቷል።»

እግራቸውን ልረግጥ ፈለግሁ፤ አልደርስባቸው አልኩ።

ትርንጎ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። አምና የወዳጇ የለተ ማርያም ልጅ ቆላ ድባ ወርዶ በወባ ሲሞት፣ በመርዶው ዋዜማ «ትንሽ አሞታል» ብላ የነገረቻት እሷው ናት። እሷ «ሆዱን» ስትል አብሯት የሄደው ጎረቤት «ራሱን» ብሎ፣ ለተ ማርያም መሞቱ ገብቷት ያኔውኑ መሬት ላይ ወድቃ ነበር።

ትጮኻለች ብዬ ተነሣሁ። አልጮኸችም። ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

«አያ አላምረው፣ ያንተው ይሻላል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያንተው ሰዓት። እስከ ማታ ይብረር። ባሕሩም ይስፋ። ነገ ጧትም ገና አየር ላይ ነው በሉኝ። ጎህ ሲቀድ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ። በማርያም።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። እኔ ጎንበስ ብዬ ብቅሉን ዳሰስኩ። ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል።

«ሸጋ ነው፤ ደርሷል» አልኳት።

«አልደረሰም» አለች። ብቅሉ የተሸፈነበትን ቅጠል መልሳ አለበሰችው፤ ድንጋዩንም ጫነችበት። «ገና ነው። አልደረሰም።»