ያልጠቆረው ባጅ

ማክሰኞ ጠዋት በቤተ ሙከራው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኃላፊው ዶክተር ፍቅረማርያም፣ የጨረር ተቆጣጣሪዋ ትርሐስ፣ እና ሲዚየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ዱቄት ሲመዝን አሥራ አንድ ዓመት የኖረው ቴክኒሺያን። ደም ማነሱ አልድን ስላለው፣ ሐኪሙ፣ ቴክኒሺያኑ ከሥራው ያገኘው የጨረር መጠን ተጽፎ እንዲላክለት ጠይቋል።

መጠኑን የሚይዘው ደረት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ባጅ ነው። ትርሐስ የአሥራ አንዱን ዓመት መዝገብ ገለጠች።

«ዜሮ፣ ዜሮ፣ አሁንም ዜሮ። ጋሼ፣ የበሩ ዘበኛ እንኳ ይበልጥዎታል እኮ!» አለችው ቴክኒሺያኑን።

«አላልኩሽም?» አለ ዶክተሩ እየሳቀ። «እንደ እሱ ያለ ጠንቃቃ ከየት ይገኛል? ሐኪሙ በሽታውን ሌላ ቦታ ይፈልግ።»

ደብዳቤውን ፈረመ፤ ትርሐስም ፖስታው ውስጥ ከትታ አሸገችው። ቴክኒሺያኑ ቆሞ አያቸው። ደስታም ሐዘንም አልተሰማውም።

«በሉ የዚህን ወር ባጅ ይስጡኝ» አለችው።

ደረቱ ላይ አልነበረም። ወደ ጥግ ሄዶ፣ ጨረር የማያሳልፈውን ከባድ ሣጥን ከፈተና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ባጅ አወጣ። ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ነው።

«መጀመሪያ ሲሰጡኝ ጨረር ካገኘው ይጠቁራል ብለውኝ ነበር» አለ። «የመንግሥት ንብረት ነው ብዬ፣ ዱቄቱን ስመዝን አንድም ቀን ከዚህ አውጥቼው አላውቅም።»

ዶክተሩ መሳቁን ተወ።

ትርሐስ ያሸገችውን ፖስታ ቀደደችው።