የሳቀ ተረኛ ነው

የሰሙት ሳቅ የአራተኛ ሰው ነበር። ባቡር በማይኖርበት የቀትር ሰዓት በባቡር ጣቢያዎቹ ስልክ የሚጫወቱት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ወልደጻድቅ ከድሬዳዋ፣ ተማም ከሽንሌ፣ ዳሃቦ ከኤረር። ፊት ለፊት ተያይተው ባያውቁም በሳቃቸው ይተዋወቁ ነበር። ወጋቸውም አንድ ነበር፤ የሳቀ ሰው ቀጣዩን ቀልድ ያወጣል።

ወልደጻድቅ የራሱን ገና መጨረሱ ነበር። «ሊቀመንበሩ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ፣ የይለፍ ወረቀት ካላሳየህ በቀበሌዬ አታልፍም አለው። ጎርፉም ወረቀት ቢያጣ ሊቀመንበሩን ራሱን ተሸክሞ አለፈ!» ተማም እስኪያስለው ሳቀ፤ ዳሃቦ «አቦ፣ ገደልከኝ!» አለች። ወዲያው ያ የማያውቁት ወፍራም ሳቅ መጣና፣ አፉን በእጁ እንደ ያዘ ሰው መሃል ላይ ታፈነ። ስልኩን የሚያዳምጥ የመንግሥት ሰው አለ ሲባል ሰምተው አላመኑም ነበር።

ወልደጻድቅ ስልኩን ቢዘጋው ጥፋቱን ማመን ይሆንበታል፤ ባይዘጋው ትንፋሹ እንኳ ያስፈራው ጀመር። ባለፈው ሳምንት ከዕቃ ክፍል ታስሮ የተወሰደው ባልደረባቸው የተናገረው ከዚህ ያነሰ ነበር።

«ጓድ» አለ በመጨረሻ፤ «ወጋችንን ሳታውቀው አትቀርም። የሳቀ ተረኛ ነው።»

ቆይቶ ከመስመሩ ወዲያ ወንበር ተንቋቋ፤ ኮቴ ተሰማ፤ በር በቀስታ ተዘጋ፤ ቁልፍም ዞረበት። ሰውዬው ተመልሶ መጣና በሹክሹክታ ጀመረ።

«አንድ ሊቀመንበር ነበር...»