ለነገሳ የታዘዘው መኪና

ትንፋሻችሁን ልታስወጡ ስትሉ አየር የሚነፋባችሁ መኪና ቢገጠምላችሁ፣ «እንቢተኛ» ተብላችሁ ዝም ትላላችሁ?

አባቴ ነገሳ ዝም አላለም። የሱሉልታ ሣር አጫጅ ነው። የ1964 ዓ.ም. የኅዳር ብርድ የሳንባ ምች አስይዞት ቡራዩ ዳር ካለው ሆስፒታል ተኝቷል። ከጉሮሮው የገባው ቱቦ በእርዳታ ከመጣ የመተንፈሻ መኪና ጋር ተያይዟል። እሱ ቶሎ ቶሎ ይስባል፤ መኪናው በራሱ ጊዜ ይነፋል። ሊያስወጣ ሲል ይነፋበታል፤ ሊስብ ሲል ዝም ይለዋል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

እናቴ ጠጅቱ እግሩን ይዛ ትጮኻለች።

«ጀባዱ፣ በርታ፣ ነገሳ! እንዳትሸነፍለት!»

ይሰማታል። ይታገላል።

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ አቶ አሥራት ከራስጌው ቆመዋል።

«መኪናው ደህና ነው፤ እንቢ ያለው በሽተኛው ነው። እጁን እሰሩት፣ ይለምደዋል። የፍጥነቱን መዘውር ማንም እንዳይነካ!»

«አባቴ እየታፈነ ነው!» እላለሁ።

«መምህር፣ እርስዎ ፊደልዎን ያስቆጥሩ።»

ዶክተር ተድላ ይገባል። ሰላምታ የለም። መኪናውን አያይም፤ የሚያየው የአባቴን ደረት ብቻ ነው። ቱቦውን ከመኪናው ነቅሎ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፊኛ ይሰካበታል። ግን አይጨምቅም። ይጠብቃል። አባቴ ሲስብ ይጨምቃል፤ ሲያስወጣ ይለቃል። የዶክተሩ ትከሻ ራሱ ከአባቴ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ትሕትና በተማረ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

«አዴ ጠጅቱ፣ በርታ አይበሉት። በበረታ ቁጥር ይታፈናል።»

«ታዲያ ምን ልበለው? ሙት ልበለው?»

«ደቦ ወጥታችሁ ሣር ስታጭዱ፣ ወደኋላ የቀረውን ምን ትሉታላችሁ?»

«ምን እንለዋለን! ከፊት ያለው ነው ማጭዱን የሚያዘገየው። ሱታ፣ ቀስ በል፣ እንጠብቅሃለን እንለዋለን።»

«እሱን ይበሉልኝ።»

እናቴ ወደ ጆሮው ጎንበስ ትላለች። «ሱታ፣ ነገሳ። ሱታ። ከፊትህ ያለው እየጠበቀህ ነው።»

ዶክተሩ በአንድ እጁ እየጨመቀ በሌላው መዘውሩን ያዞራል።

«ዶክተር! አትንኩ ብያለሁ!»

«እኔ ነኝ የነካሁት፣ አቶ አሥራት። ሲከሱ ስሜን እንዳይስቱት።»

ደጋግሞ ያዳምጣል፤ ያስተካክላል፤ ከዚያ ቱቦውን ለመኪናው ይመልሳል። አባቴ ይስባል፤ መኪናው አብሮት ይነፋል። ያስወጣል፤ መኪናው ይጠብቀዋል። ከንፈሩ ቀስ እያለ ይቀላል። የማጭድ እጀታ እንደያዘ ተጨብጦ የነበረው እጁ አንሶላው ላይ ይፈታል።

አቶ አሥራት ከበሩ ላይ ይዞራሉ። «ትእዛዝ ጥሰዋል፤ ይጠየቁበታል!»

ይጠየቅ! ግን አስቀድመው እርስዎ፣ አቶ አሥራት፣ ሱሉልታ ገበያ መሐል፣ ሣር አጫጁ ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመው ይመልሱ፤ ነገሳ ነበር ለመኪናው መታዘዝ የነበረበት፣ ወይስ መኪናው ለነገሳ?